የታወር አቀማመጥ በፕሮግራም፦ ሜዳው ላይ ትርፍ የለም፣ ሸለቆው ላይ ደግሞ «ይነቀላል» ተባልኩ

የ5ኪሎዋ
ሰላም ለሁላችሁም። የማስተርስ ሥራዬ የከፍተኛ ቮልቴጅ ታወሮች የት የት ቢቆሙ ወጪው ዝቅ እንደሚል የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ለልምምድ የያዝኩት 400 ኪሎ ቮልት መስመር ነው፤ እውነተኛ ፕሮጀክት አይደለም። ከደጀን በላይ ካለው ሜዳ ይነሳና የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ በጎሃ ጽዮን በኩል ይወጣል። መስመሩ የሚያልፍበት አቅጣጫ ተወስኗል እንበል፤ የቀረው ታወሮቹን መደርደር ብቻ ነው።

አሠራሬ ቀላል ነው። በየ20 ሜትሩ አንድ እጩ ቦታ አለ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አምስት የቁመት ምርጫ አለ፦ መደበኛው፣ ከሱ 3 ሜትር የሚያጥረው፣ 3፣ 6 እና 9 ሜትር የሚረዝሙት። የፓይተን ፕሮግራሜ ከአንዱ እጩ ወደሚቀጥለው ሽቦ ይዘረጋል፣ ክሊራንሱ (ሽቦው ከመሬት ሊኖረው የሚገባው ትንሹ ርቀት) ከተጠበቀ ወጪውን ይደምራል፣ በመጨረሻ በዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ (ችግሩን ደረጃ በደረጃ እየፈታ የተሻለውን በሚይዝ ዘዴ) ትንሹን ድምር ይመርጣል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ሜዳው ላይ የሚሰጠኝ ውጤት ታወሮቹን በእኩል ርቀት ከመደርደር ብዙም አይሻልም። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምኑ ነው? ሸለቆው ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ አጭር ታወር ያስቀምጥልኛል፤ አማካሪዬ አየት አደረገውና «ይሄማ ይነቀላል» ብሎ አለፈው። ምን ማለቱ ነው? ከብረትና ከኮንክሪት ሌላስ ወጪ ውስጥ ምን ላስገባ?

ዴንቨር_ላይ
እህቴ፣ እኔ እዚህ አሜሪካ መስመር ዲዛይን ላይ ነው የምሠራው። መጀመሪያ የሜዳውን እንጨርሰው።

ሽቦ የሚረግበው በስፓኑ (በሁለት ታወሮች መካከል ባለው ርቀት) ካሬ ነው። የአንድ ሜትር ክብደቱን በስፓኑ ካሬ አባዢና ለ8 ጊዜ ውጥረቱ አካፍዪ። ድሬክ የሚባለውን የታወቀ ሽቦ እንውሰድ፤ በሜትር 1.63 ኪሎ ግራም ገደማ (በክብደት 16 ኒውተን) ነው፣ የመበጠሻ አቅሙ 140 ኪሎ ኒውተን አካባቢ። በአዘቦት ቀን የዚህን 20 በመቶ፣ ማለትም 28 ኪሎ ኒውተን አድርገሽ ከወጠርሽው በ400 ሜትር ስፓን 11.4 ሜትር ይረግባል፣ በ500 ሜትር 17.8 ሜትር። ስፓኑ በ25 በመቶ አደገ፣ ርግበቱ በ56 በመቶ። በዚያ ላይ ጭነቱ ሲበዛና ፀሐይ ስትመታው ሽቦው ይረዝማል፣ ውጥረቱም ይላላል። ወደ 22 ኪሎ ኒውተን ቢወርድ ያው 400 ሜትር 14.5 ሜትር ይረግባል። የታወሩን ቁመት የሚወስነው ይሄ የጋለው ሽቦ ነው።

አሁን ወጪ። ስፓን ሲረዝም የታወር ቁጥር ይቀንሳል፣ ግን እያንዳንዱ ይረዝማል፣ ነፋስ የሚመታው ሽቦም ይበዛበታል። የታወር ብረት ክብደት በቁመቱና በሥሩ ላይ በሚያርፈው የመገልበጥ ሞመንት ካሬ ሥር ልክ እንደሚያድግ የሚገምት የራይል ቀመር የሚባል የቆየ ቀመር አለ። በሱ ለመጫወቻ ያህል አሰላሁልሽ፦ ርግበቱን ሳይጨምር 25 ሜትር ቁመት፣ በ400 ሜትር ላይ የአንድ ታወር ብረት ዋጋ ከሌላው ወጪው (መሠረት፣ ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው የኢንሱሌተር ስኒ፣ መዳረሻ፣ ካሳ) ጋር እኩል ይሁን ብዬ። በኪሎ ሜትር ያለው ወጪ በጣም የሚወርደው 460 ሜትር አካባቢ ነው። 400 ላይ ብትሆኚ ከዚያ የምትርቂው በ1.4 በመቶ ነው። 500 ላይ በ1 በመቶ እንኳ አትርቂም። 350 ላይ 5 በመቶ ገደማ፣ 300 ላይ ስትደርሺ ነው ወደ 13 በመቶ የሚዘለው።

ስለዚህ ሜዳ ላይ ትርፍ ማጣትሽ የፕሮግራምሽ ጥፋት አይደለም፤ የወጪው ኩርባ ታቹ ዝርግ ነው። እኔ ይህን እንደ ጥሩ ዜና ነው የማየው። አንድ ታወር 30 ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢገፋ በብረት በኩል የሚከፈለው እዚህ ግባ አይባልም።

የገበሬ_ልጅ
ወንድሜ ዴንቨር፣ ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ አትመህ ለሁሉም ኮንትራክተር ብታድልልን!

ቤተሰቦቼ ማሳ ላይ ታወር አለ። ድንበሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር፤ መሬቱ መሐል ላይ ነው የቆመው። አባቴ በሬ ጠምዶ እዚያ ሲደርስ ሞፈሩን ያነሳል፣ አራቱን እግር ይዞራል፣ እንደገና ይጀምራል። በእግሮቹ መሐልና ዙሪያውን ያለው የማይታረስ መሬት የአረም መፈልፈያ ሆነ፤ ሙጃው ከዚያ እየተነሳ ጤፉ ውስጥ ይገባል። ችካሉ በተተከለ ጊዜ አባቴ «እስቲ ወደ ድንበሩ ጠጋ አድርጉት» ብሎ ለምኗል። መልሱ «ዲዛይኑ ነው፣ ኮምፒውተር ነው ያወጣው» የሚል ነበር። ዛሬ 30 ሜትር ምንም ማለት እንዳልሆነ ሰማሁ።

ጋሽ_ችካል
ሁለታችሁንም አነበብኩ። የገበሬ ልጅ፣ የአባትህ ነገር ያናድዳል፤ ግን ድንበር ላይ ማቆምም የራሱ ጣጣ አለው። ድንበር ላይ ስታቆመው ባለቤቱ ሁለት ይሆናል፣ ካሳው ለሁለት ይከፈላል፣ «የኔ እግር ሦስት ነው፣ ያንተ አንድ ነው» እየተባባሉ ሽማግሌ የተቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ቢሆንም ከመሐል ማሳ ይሻላል፤ እኔም ብዙ ጊዜ የምገፋው ወደዚያ ነበር።

ልጄ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። አማካሪሽ ያለው አፕሊፍትን ነው፤ ሽቦው ታወሩን ወደ ላይ ሲስበው ማለት ነው። እኔ ፕሮግራም አልጽፍም፣ ጡረታ ከወጣሁም ቆየሁ፤ ግን ይህን ነገር በእጄ ስለሠራሁት ላስረዳሽ። በኛ ጊዜ ፕሮፋይሉ (የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ከጎን ሲታይ) በረጅም ጥቅል ወረቀት ላይ ይሳላል፤ አግድሙ 1 ለ2000፣ ቁመቱ 1 ለ200። ቁመቱ በአሥር እጥፍ ስለተጋነነ ትንሿ ጉብታ ተራራ ታክላለች። ከዚያ ቴምፕሌት የምንለው አለ፤ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ በሽቦው ቅርጽ የተቆረጠ ነው። ሦስት ኩርባዎች አሉበት። የላይኛው የጋለው ሽቦ ራሱ ነው። ሁለተኛው በክሊራንሱ ልክ ዝቅ ያለ ነው፤ እሱ መሬቱን መንካት የለበትም። ሦስተኛው በታወሩ ቁመት ልክ ይወርዳል፤ መሬቱን የቆረጠበት ቦታ የታወሩ እግር ነው። የግራውን ጫፍ ካለፈው ታወር ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ዘንጉ እንዳይጋደል በማዕዘን ማስመሪያ ትይዢያለሽ፣ ሁለተኛው ኩርባ መሬቱን ልሶ እስኪያልፍ ታንሸራትቺያለሽ፣ የቀኙን እግር በእርሳስ ነጥብ ታደርጊያለሽ። ከዚያ ነጥብ ደግሞ ቀጣዩን።

ለአፕሊፍት ሌላ ቴምፕሌት ነበረን፤ የቀዝቃዛው ሽቦ። ሽቦ ሲበርደው ያጥራል፣ ይወጠራል፣ ኩርባውም ጠፍጠፍ ይላል። እሱን ከመሐለኛው ታወር በግራና በቀኝ ካሉት ሁለት ታወሮች ጫፍ ላይ ታሳርፊዋለሽ። የመሐለኛው ጫፍ ከኩርባው በታች ከሆነ ያ ታወር ሽቦውን አልተሸከመም፤ ሽቦው ነው እሱን ወደ ላይ የሚስበው። ሰስፔንሽን ታወር (ሽቦውን ተሸክሞ ብቻ የሚያሳልፈው ተራው ታወር) ላይ ስኒው የተንጠለጠለ ነው፤ ክብደት ካልጎተተው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሽቦው ወደ ክንዱ ይጠጋል፣ ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ይዘላል። ቁልቁለት ግርጌ ላይ ያስቀመጥሽው አጭር ታወር እንደዚያ ነው የሚሆነው። ቀን ብታዪው ደህና ይመስላል፣ በደጋው ብርድ ሌሊት ነው ጉዱ።

መፍትሔው ብዙ ነው፦ ታወሩን ማስረዘም፣ ከጉድጓዱ ማውጣት፣ ወይ በቴንሽን ታወር (የሽቦውን ውጥረት አጥብቆ በሚይዘው ጠንካራ ታወር) መተካት። ስኒው ላይ ክብደት ማንጠልጠልም አለ፣ እኔ አልወደውም፤ ለተቸገረ ዲዛይን የተሰጠ ምርኩዝ ነው። ከሁሉም በፊት ግን «ይህ ታወር ለምን አስፈለገ?» በዪ። ሸለቆ ላይ ክሊራንስ በነጻ ነው። መሬቱ ራሱ ሸሽቶልሻል።

የ5ኪሎዋ
ጋሽ ችካል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እርስዎ እንዳሉት የአፕሊፍት ፍተሻ ላስገባ ስል ግን ተቸገርኩ። ፕሮግራሙ ሁለት ታወር ሲያይ ነው ወጪ የሚደምረው፤ ይህ ፍተሻ ደግሞ ሦስት ታወር ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ አጣርቼ አፕሊፍት ያለባቸውን ላርም ወይስ ከሥሩ ልለውጠው?

ዴንቨር_ላይ
ከሥሩ ለውጪው። መጨረሻ ላይ ማረም ማለት ፕሮግራሙ የደከመበትን በእጅ ማፍረስ ነው፤ አንዱን ስትነኪ የጎረቤቱ ይበላሻል።

ክሊራንስ በሁለት ታወር ይወሰናል። የነፋስ ስፓን (የግራና የቀኝ ስፓን ድምር ግማሽ) እና የክብደት ስፓን (በግራና በቀኝ ባሉት የሽቦው ዝቅተኛ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት) ግን በሦስት ነው የሚወሰኑት። አፕሊፍት ማለት የክብደት ስፓኑ ከዜሮ በታች ወረደ ማለት ነው። በተቃራኒው ሸንተረር አናት ላይ ያለ ታወር የክብደት ስፓኑ ከተሠራበት አቅም ሊያልፍ ይችላል፤ እሱንም ፈትሺ። ስለዚህ የዳይናሚክ ፕሮግራሚንግሽ ስቴት (በየደረጃው የሚያስታውሰው ነገር) «ያለሁበት ታወር» ሳይሆን «ያለሁበትና ከሱ በፊት ያለው» የሚል ጥንድ መሆን አለበት።

ይከብዳል ብለሽ እንዳትፈሪ። ስፓንሽ ከ200 እስከ 600 ሜትር ቢሆን ወደ ኋላ 21 ቦታ በ5 ቁመት፣ 105 አማራጭ አለ። ካለሽበት ቦታ አምስት ቁመት ጋር 525 ጥንድ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥንድ ወደ ፊት 105 መሄጃ አለው። በኪሎ ሜትር 2.8 ሚሊዮን ገደማ ሙከራ ነው። ክሊራንስ ያላለፉትን ቀድመሽ ከጣልሽ ላፕቶፕሽ ሻይ ሳትጠጪ ይጨርሰዋል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በሁለት ቴንሽን ታወሮች መካከል ያሉት ሰስፔንሽኖች ስኒያቸው ስለሚወዛወዝ ውጥረቱ እኩል ይከፋፈላል፤ ሙቀት ሲለዋወጥ ያ ውጥረት ምን እንደሚሆን የሚሰላው በሩሊንግ ስፓን ነው። እሱም የስፓኖቹ ኩብ ድምር ለስፓኖቹ ድምር ሲካፈል የሚገኘው ካሬ ሥር ነው። 300፣ 400 እና 500 ሜትር ካለሽ አማካዩ 400 ቢሆንም ሩሊንግ ስፓኑ 424 ነው። ታወሮቹን ሳትደረድሪ አታውቂውም፣ ሳታውቂው ደግሞ አትደረድሪም። ማምለጫው መገመት ነው፦ 420 ብለሽ ጀምሪ፣ አስሊ፣ የወጣውን ሩሊንግ ስፓን መልሰሽ አስገቢ። ብዙ ጊዜ ቶሎ ይረጋጋል።

ስለ ሸለቆው የጋሽ ችካልን ላጠናክር። ግሪንላንድ ውስጥ አሜራሊክ የሚባል ፊዮርድ ላይ 5,376 ሜትር ስፓን አለ፤ በአንድ ዝላይ ነው የተሻገረው። ሽቦውን ከፍ አድርገው የያዙት ተራሮቹ እንጂ ረጃጅም ታወሮች አይደሉም። ያንቺ ሸለቆ ከአፋፍ እስከ አፋፍ በአንድ ስፓን አይታለፍም፣ በጣም ሰፊ ነው። ግን ውስጡ እንደ ደረጃ የተነባበሩ ትከሻዎች አሉት። ከትከሻ ወደ ትከሻ ዝለዪ፣ ግርጌውን ተዪው። ረጅሙን ስፓን በሁለቱም ጫፍ በቴንሽን ታወር ዝጊው፤ አለበለዚያ የሜዳውን ሩሊንግ ስፓን ያበላሽብሻል። ረጅም ስፓን ላይ ሽቦው በዝግታ ነፋስ ሳይቀር ስለሚንቀጠቀጥ ንቅጥቅጡን የሚያበርደው ስቶክብሪጅ ዳምፐርም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ሌላም ነገር፦ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ላይ ብርድ፣ ታች ቆላ። አንድ የሙቀት መጠን ለሁሉም አትጠቀሚ። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚዘል በሽቦውና በብረቱ መካከል ያለው የአየር ክፍተት መጨመር አለበት፤ ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚሠራ መስመር የወጣን የታወር ስዕል ወደ ደጋ አምጥቶ መትከል አይቻልም።

ካርታ_አንሺ
ጣልቃ ልግባ። ፕሮፋይሉን ከየት አመጣሽው? ከኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር ከተለካው የከፍታ ካርታ) ከሆነ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአሸዋ ላይ ነው። በ30 ሜትር ፒክስል የመጣ ነው፣ የከፍታ ስህተቱም በስፔሲፊኬሽኑ እስከ 16 ሜትር ድረስ የተፈቀደ ነው። አንቺ የ3 ሜትር ማስረዘሚያ እየመረጥሽ! የዛፍ ጫፍና መሬትንም አይለይም። አቅጣጫ ለመምረጥ በቂ ነው፣ ለታወር ቦታ ግን አይሆንም። በሊዳር (በሌዘር ከአየር) ወይ በቶታል ስቴሽን (በመሬት ላይ ቅየሳ መሣሪያ) የተነሳ ፕሮፋይል ፈልጊ፤ ካጣሽ ለጥናት ብቻ መሆኑን ጽፈሽ እለፊ። ሌላው፦ ከመስመሩ መሐል ያለውን መሬት ብቻ አትውሰጂ። መስመሩ ገደል ጎን ለጎን ሲሄድ የዳሩ ሽቦ ወደ ሽቅቡ ነው የሚጠጋው። የጎኑን ፕሮፋይልም አንሺ።

ቦሌ_ቡልቡላ
ይቅርታ ለማያውቅ ሰው ጥያቄ፦ ለምን ከመሬት በታች አይቀብሩትም? ታወርም የለ፣ የማሳ ጭቅጭቅም የለ።

ዴንቨር_ላይ
ከተማ ውስጥ ይቀበራል። በረጅም ርቀት ግን በዚህ ቮልቴጅ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ገንዘቡ ቢገኝም ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) የሚያስተላልፍ ኬብል ራሱ እንደ ካፓሲተር እየሞላ ስለሚያስቸግር ተጨማሪ መሣሪያ ይጠይቃል። ብልሽት ሲገጥም ደግሞ ቆፍሮ ማግኘት አለ። ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር) ቢሆን ይቀላል። በነገራችን ላይ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ ያለው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር ዲሲ ነው፣ 500 ኪሎ ቮልት፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ። ከላይ የሚሄደው ሽቦ ሁለት ፖል (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ) ብቻ ስለሆነ ታወሩም ቀለል ይላል፣ የሚወስደው ስፋትም ይጠብባል።

የሳይት_ሰው
እኔ ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ እስካሁን ማንም በደንብ አልነካውም፣ የኔ እንጀራ ደግሞ እሱ ነው።

አንደኛ አፈር። ደጀን አካባቢ ያለው ሜዳ መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። መረሬ ላይ የሚቆም ታወር መሠረቱ ከጥሩ አፈር በጣም ይበልጣል። 60 ሜትር ወደ ጎረቤት ጭንጫ ብትገፊው የኮንክሪቱን ግማሽ ልታድኚ ትችያለሽ። ግን ጭንጫ በተራው ኧርዚንግ (ታወሩን ከመሬት ጋር በኤሌክትሪክ ማገናኘት) ያስቸግራል፤ መብረቅ ሲመታው ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይጠበዋል፣ ስለዚህ ረጅም የኧርዝ ሽቦ መቅበር ይመጣል። ሸንተረር አናት ላይ ከሆነ ደግሞ መብረቅም የሚወደው እሱን ነው። ሁለቱንም ዋጋ አስገቢ።

ሁለተኛ መዳረሻ። ሸለቆ ወገብ ላይ ታወር ማቆም ማለት መንገድ መቁረጥ ማለት ነው። መኪና ካልደረሰ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ውኃው ሁሉ በሸክም ነው። የአንዳንዱ ታወር የመንገዱ ወጪ ከታወሩ ይበልጣል። ፕሮግራምሽ ይህን ካላወቀ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ይወድቅልሻል፤ በወረቀት ርካሽ ነዋ።

ሦስተኛ ማዕዘን። አንቺ አቅጣጫው ተወስኗል ብለሽ አለፍሽው እንጂ ገንዘቡ የሚፈሰው እዚያ ነው። መስመር በታጠፈ ቁጥር ቴንሽን ታወር ይመጣል፣ ብረቱም መሠረቱም ብዙ ጊዜ ከሰስፔንሽኑ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ለአንድ ባለ ፎቅ ቤት ተብሎ ሁለት ማዕዘን ሲጨመር አይቻለሁ፤ የገበሬው አውድማ ግን «ዲዛይኑ ነው» ይባላል። የገበሬ ልጅ እውነቱን ነው።

አራተኛ ወሰን ማስከበር፣ ማለትም መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት ማስለቀቅ። ይህ ከሁሉ ይብሳል። ብረቱ ወደብ ደርሶ፣ ክሬኑ ቆሞ፣ ካሳ አልተከፈለም ተብሎ መሐል ላይ አንድ ታወር ይቀራል። አንድ ታወር ከጎደለ መስመሩ መስመር አይደለም። ችካል ተክለሽ ስትመለሺ ተነቅሎ ታገኚዋለሽ፤ ሰውየው ላይ አትፍረጂ፣ መሬቱ ነው።

የገበሬ_ልጅ
ስለ ካሳ ከተነሳ፣ አዋጅ 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 እጥፍ ይላል። ጥሩ። ግን ሽቦው ሥር ያለውስ? ጤፍና ስንዴ ሥሩ ይዘራል፣ ችግር የለም። ባሕር ዛፍ ግን ይቆረጣል፣ እንደገናም አይተከልም። ባሕር ዛፍ ለኛ ባንክ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም የሚቆረጥ። ደቡብ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ የነገረኝ፣ ቡናው አጭር ስለሆነ ይተዋል፣ ጥላ ዛፉ ግን ይወድቃል፤ ያለ ጥላ የቀረው ቡና እንደ ድሮው አይሰጥም። እህቴ፣ ፕሮግራምሽ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ዋጋ ከሰጠ ይህን አያይም። ምን እንደበቀለበት ይጠይቅ።

የሳይት_ሰው
ልክ ነህ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁሉም ነገር ዋጋ አይወጣለትም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የመቃብር ቦታ፣ ሰው ቃል የሚገባበት የዋርካ ሥር ላይ ገንዘብ አትጻፊ። «ክልክል» ብለሽ እጩዎቹን ሰርዢ። ዋጋ ከሰጠሽው አንድ ቀን ፕሮግራሙ «ይከፈላል» ብሎ መቃብር ላይ ያቆመዋል።

ስርቆትም አለ። ከታወር እግር ላይ ብረት የሚፈታ ሰው እንዳለ በዜና ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ የታችኞቹ ማገሮች ሲወሰዱ ታወሩ ቆሞ ይቆያል፣ አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። የማይፈታ ብሎን እስከ ተወሰነ ቁመት ማሰር ይረዳል። ቦታን በተመለከተ ግን እኔ ራሴ ሁለት ሐሳብ ነኝ፦ መንገድ ዳር ያለው ለጠባቂም ለሌባም ቅርብ ነው።

ጋሽ_ችካል
መንደር አጠገብ ይሻላል። ሕዝቡ ካሳውን በደንብ ካገኘ ይጠብቀዋል፤ ካላገኘ ማን ነው የሚያገባው?

የ5ኪሎዋ
እንደገና መጣሁ። ስቴቱን ጥንድ አድርጌዋለሁ። አፕሊፍትን በቀዝቃዛው ሽቦ፣ ክሊራንስን በጋለው፣ ለሸለቆው ውስጥና ለአፋፉ የተለያየ ሙቀት። ግርጌ ላይ ይቆም የነበረው ታወር ጠፍቷል፤ መስመሩ ከአፋፍ ወደ አንድ ትከሻ ዘሎ፣ ከትከሻው ወንዙን ተሻግሮ ሄዷል። ቴንሽኖች ጨምረዋል፣ የታወር ቁጥር ግን ቀንሷል። የመዳረሻ መንገድ ዋጋ ሳስገባ ደግሞ ሸለቆው ወገብ ላይ የነበረ ሌላ ታወርም ቀረ።

ሜዳው ላይ ያደረግኩትን ግን እዩልኝ። ኩርባው ዝርግ ከሆነ አንድ መልስ ብቻ መስጠት ለምን? ስለዚህ ፕሮግራሙ ከትንሹ ወጪ በ2 በመቶ ውስጥ ያሉ አቀማመጦችን ሁሉ እንዲይዝ አደረግኩት። ከነዚያ ውስጥ ማሳ መሐል የሚወድቀው ታወር ያነሰበትን ይመርጣል። ድንበሮቹን ከሳተላይት ፎቶ ላይ በእጄ ነው የሳልኳቸው፣ ካርታ አንሺ እንዳትስቅብኝ። መሐል ማሳ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ ወደ ድንበር ወይም ወደ ጭንጫ ተገፍተዋል፣ ወጪው ያው በ2 በመቶው ውስጥ እያለ።

ካርታ_አንሺ
አልስቅም፤ እጅ ከምንም ይሻላል። የወረዳው የመሬት አስተዳደር ቢሮ የካዳስተር (የመሬት ይዞታ ካርታ) መረጃ ካለው ጠይቂ። የክረምት ፎቶ ሳይሆን መኸር የገባበትን ተጠቀሚ፣ ድንበሩ በደንብ ይለያል።

ዴንቨር_ላይ
የ2 በመቶው ነገር ጥሩ ነው፤ ገምጋሚዎችሽ «ታዲያ ኦፕቲማሉ (ከሁሉ የተሻለው) የቱ ነው?» ቢሉሽ አትደንግጪ። ግብዓትሽ ውስጥ ያለው የአፈርና የብረት ዋጋ ግምት ከ2 በመቶ በላይ ስለሚዋዥቅ ከዚያ በታች ያለውን ልዩነት ፕሮግራሙ አየሁ ቢል ውሸቱን ነው። ሸለቆው ላይ ግን ይህን አትፍቀጂ። እዚያ ኩርባ የለም፣ ትከሻው ወይ አለ ወይ የለም፤ 20 ሜትር ስተሽ አፕሊፍት ውስጥ ትገቢያለሽ።

የሳይት_ሰው
እኔ ከዚህ ሁሉ የምፈልገው አንድ ሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ችካል ወደ ፊት ስንት ሜትር፣ ወደ ኋላ ስንት ሜትር ቢገፋ ዲዛይኑ እንደማይበላሽ ጻፊልኝ። ሜዳ ላይ ገበሬው መጥቶ «ጠጋ አድርጉት» ሲል ቢሮ ደውዬ መልስ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ወረቀቱን አይቼ «እስከ 25 ሜትር ይቻላል፣ የት ይሁን?» እለዋለሁ። የገበሬ ልጅ አባት ያጣው ይሄ ነው።

የገበሬ_ልጅ
ይሄ ነው!

የ5ኪሎዋ
ይቻላል፣ የሳይት ሰው። ግን አንድ ነገር አለ፦ የአንዱ ችካል ክልል የሚያገለግለው የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹ ካልተነኩ ብቻ ነው። 14ኛውን 25 ሜትር ከገፋችሁት የ13ኛውና የ15ኛው ክልል ይቀየራል። ስለዚህ ሠንጠረዡን በሁለት መልክ አወጣዋለሁ። አንደኛው ሰፊው ክልል ነው፣ ጎረቤት ሳይነካ። ሁለተኛው ጠባቡ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ቢገፉ እንኳ ክሊራንስም አፕሊፍትም የማይነካበት። ጠባቡ ሜዳ ላይ ስንት እንደሚሆን እያሰላሁ ነው። ለሸለቆው ታወሮች ሁለቱም ዓምድ ላይ ዜሮ ነው የምጽፈው።

የሳይት_ሰው
ጠባቡን ነው የምንፈልገው። ሰፊውን ከጻፍሽ ሁሉም ሰው እሱን ብቻ ነው የሚያነበው።